የዩኒቨርሲቲ ምርምር የወረዳውንና የከተማውን ገቢ እንዲያሳድግ፦ ከጥያቄ መረጣ እስከ ርክክብ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በክልል ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምርና አነስተኛ የምርምር በጀት ላገኘ መምህር ነው፤ በጀቱ ለማዕረግ እድገት ከሚሆን ጽሑፍ አልፎ በዙሪያው ላለ ገበሬ፣ ነጋዴና ባለ ወርክሾፕ እንዲደርስ ለሚፈልግ። የምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ኃላፊዎችም ለመምህሮቻቸው የሚሰጡት የሥራ ቅደም ተከተል ሊያደርጉት ይችላሉ። አብዛኛው ምሳሌ ከግብርና የተወሰደው የብዙው ወረዳ ኑሮ እዚያ ላይ ስለቆመ ነው፤ አካሄዱ ግን ለብረታ ብረትም፣ ለሽመናም፣ ለባልትናም ያገለግላል።

ብዙ ጥሩ ጥናት መሬት ሳይወርድ የሚቀረው ጥራቱ ስላነሰ አይመስለኝም። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሥራውን በራሱ ብር የሚቀጥለው ማን እንደሆነ ገና ሲጀመር ስላልተጠየቀ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ወደዚህ ጥያቄ ይመለሳሉ።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ሥራው የማን እንደሆነ ይወቁ

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ለዩኒቨርሲቲዎች ማስተማርን፣ ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን በአንድነት ሰጥቷል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ተቋማቱ በተልእኮ ሲለዩ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ጅማ፣ አርባ ምንጭ፣ መቐለና ሐረማያ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለዋል። የእርስዎ ተቋም ከነዚህ 8 ውስጥ ካልሆነ ቅር አይበልዎት። የአፕላይድ ወይም አጠቃላይ ዩኒቨርሲቲ ከተባለ፣ እዚህ የምንነጋገርበት ሥራ ይበልጥ የእሱ ነው።

አንድ የታሪክ ነገር ማወቅ ግን ይጠቅማል፤ ዛሬ የሚገጥምዎትን አብዛኛውን እንቅፋት ያስረዳል። በ1944 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከአሜሪካው የኦክላሆማ እርሻ ኮሌጅ ጋር ተዋውሎ የዓለማያ ኮሌጅ (የዛሬው ሐረማያ) ሲታቀድ፣ ማስተማሩም፣ ምርምሩም፣ የተገኘውን ለገበሬ ማድረሱም በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 የኤክስቴንሽኑ፣ ማለትም የተገኘውን ለገበሬ የማድረሱ፣ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ራሱን ችሎ ቆመ። ከዚያ ወዲህ መምህሩ በዩኒቨርሲቲ፣ ተመራማሪው በምርምር ማዕከል፣ የልማት ሠራተኛው በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሆኖ እያንዳንዱ በራሱ በጀትና በራሱ አለቃ ይሠራል። አንዱ ሌላውን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ በዓውደ ጥናት ሻይ ሰዓት ነው። ስለዚህ ድልድዩን የሚሠራው ጥናቱን የሚጀምረው ሰው ነው፤ ማለትም እርስዎ።

ደረጃ 1፦ የአካባቢውን ብር ይከተሉ

የጥናት ሐሳብ ከመጻፍዎ በፊት ቢያንስ አንድ ወር ለዚህ ይስጡ። መጠይቅ አያስፈልግም፤ ደብተርና ጥሩ ጫማ ይበቃል። የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ ከዚህ አካባቢ ምን ይወጣል፣ ማን ይገዛዋል፣ ትርፉስ የት ይቀራል?

ከወረዳው ዋና ገበያ ይጀምሩ። በገበያ ቀን ማለዳ ደርሰው እህል ተራውን፣ ከብት ተራውን፣ ቅቤና ማር ተራውን ይዙሩ። ከገበሬው በላይ የሚያስተምሩዎት ደላላው፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤትና የጭነት መኪናው ሹፌር ናቸው። ሹፌሩ እቃው ወዴት እንደሚሄድ፣ በየትኛው ወር ባዶውን እንደሚመለስ፣ በየትኛው ኬላ ስንት እንደሚከፍል ያውቃል። ወፍጮ ቤቱ የትኛው ጤፍ እንደሚፈለግና የትኛው አሸዋ እንደሚበዛበት ይነግርዎታል። ተመራማሪ ግን ብዙውን ጊዜ ገበሬውን ብቻ ጠይቆ ይመለሳል፤ ገበሬው ደግሞ ከማሳው ወዲያ ያለውን ዋጋ በወሬ ነው የሚሰማው።

ከዚያ በኋላ ቁጥር ይሰብስቡ። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣው የሰብል ናሙና ጥናት አብዛኛውን ጊዜ እስከ ዞን ድረስ ነው የሚወርደው። የወረዳውን ቁጥር የሚያገኙት ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ ሲሆን እሱም ከየቀበሌው የልማት ሠራተኛ የመጣ ሪፖርት ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። የትኛው ልክ ነው ብለው ከመከራከር በየትኛው ሰብል ላይ ልዩነቱ እንደሚሰፋ ይመዝግቡ፤ ልዩነቱ የሰፋበት ቦታ ራሱ የጥናት ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ገበሬው ስፋትን በጥማድ፣ በቃዳ ወይም በገመድ ይነግርዎታል፤ መጠኑ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ጥቂት ማሳዎችን በጂፒኤስ ለክተው የአካባቢውን ልክ ያውጡ።

በወሩ መጨረሻ በእጅዎ መኖር ያለበት አንድ ገጽ ሥዕል ነው። ምርቱ ከማሳ ተነሥቶ የመጨረሻው ሸማች እስኪደርስ በማን በማን እጅ እንደሚያልፍና በእያንዳንዱ እጅ ዋጋው ስንት እንደሚጨምር የሚያሳይ።

ደረጃ 2፦ ጥያቄውን ከሥዕሉ ላይ ያንሱ

እዚህ ላይ ቁጭ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። አብዛኛው የእኛ ጥናት የሚጀምረው መምህሩ በሁለተኛ ዲግሪው ከሠራው ርዕስ ነው። ያ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን ርዕሱ በሥዕሉ ላይ ቦታ ከሌለው ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

የቁንጮ ጤፍ ነገር ጥሩ ትምህርት ነው። ለብዙ ዓመታት በዓለማያ ሥር የነበረው የደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ሁለት የታወቁ ዝርያዎች ነበሩት። ዲዜድ-01-974፣ ማለትም ዱከም፣ ምርቱ ብዙ ነው፤ ፍሬው ግን ገበያው እንደሚወደው ነጭ አይደለም። ዲዜድ-01-196፣ በተለምዶ ማኛ፣ በጣም ነጭ ነው፤ ምርቱ ግን ያንሳል። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን አዳቅለው በ1998 ዓ.ም. ቁንጮን አወጡ። በፍጥነት የተሰራጨው ምርት ስለጨመረ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዱከምም በዚያው ልክ በተሰራጨ ነበር። የአዲስ አበባ ገዢ ለነጭ ጤፍ ተጨማሪ ብር ይከፍላል፤ ገበሬውም ያንን ያውቃል። ጥያቄው «ምርትን እንዴት እንጨምር» ከሚለው ወደ «ገበያው የሚከፍልበትን ነጭነት ሳናጣ ምርትን እንዴት እንጨምር» ወደሚለው ሲዞር መልሱ መሬት ያዘ።

ሌላው ምሳሌ ደግሞ ገበሬው ቀድሞ የሄደበት ነው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በፋግታ ለኮማ ወረዳ አፈሩ በአሲድነት ተጎድቶ ሰብል እምቢ ሲል፣ ገበሬዎች ከአውስትራሊያ የመጣውን ዲከረንስ የሚባል የግራር ዝርያ በማሳቸው ላይ መትከል ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራሉ፤ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳሉ፤ በ4ኛው ወይም በ5ኛው ዓመት ዛፉን ቆርጠው እዚያው ማሳ ላይ ከሰል አክስለው ይሸጣሉ፤ ከዚያ መሬቱ ወደ ሰብል ይመለሳል። ይህን ያዘዘ ተመራማሪ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲዎች የደረሱት ነገሩ ወረዳውን ካለበሰ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ሲያጋጥምዎት «አዲስ ቴክኖሎጂ ላስተዋውቅ» ማለት ከንቱ ድካም ነው። ያልተመለሱትን ጥያቄዎች ይያዙ፦ መላው ወረዳ በአንድ ዝርያ ላይ ሲቆም በሽታ ቢመጣ ምን ይውጠዋል (በኋላም የፈንገስ በሽታ መጥቶ ብዙ ተክል አድርቋል)፣ በአፈር የሚለበሰው ባህላዊ የከሰል ክምር ስንት እንጨት በከንቱ ያነዳል፣ የዛፉ ማሳ የሌለው ድሃ ገበሬስ ከዚህ ገቢ ምን ይደርሰዋል?

ጥያቄ ሲመርጡ እነዚህን ሦስት ማጣሪያዎች ያሳልፉት። አንደኛ፣ መልሱ ቢገኝ የሚከፍልበት ወይም ገንዘብ የሚቆጥብበት ሰው በስም ሊጠራ ይችላል? ሁለተኛ፣ በእርስዎ ላብራቶሪ፣ በእርስዎ መኪናና በእርስዎ ባልደረቦች ሊሠራ ይችላል? ሦስተኛ፣ የምርምር ማዕከሉ ቀድሞ አልሠራውም? ለሦስተኛው አዴት፣ ሲናና ወይም መልካሳ፣ የቀረብዎት ማዕከል ጋ ሄደው ሪፖርቶቹን ይመልከቱ። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ነገር ነው፤ ሁለት ዓመት ሊያድን ይችላል።

ደረጃ 3፦ ገጠሩንና ከተማውን በአንድ ጥናት ያስገቡ

በየዩኒቨርሲቲው የገጠር ልማት የአንድ ትምህርት ክፍል፣ የከተማ ጥናት የሌላ ትምህርት ክፍል ነው። በኑሮው ግን ሁለቱ አይነጣጠሉም። ወተትን ይውሰዱ። ከተማ ዳር ላሞች ያሉት ሰው መኖውን የሚያገኘው ከከተማው ነው፦ ከዘይት መጭመቂያው ፋጉሎ፣ ከዱቄት ፋብሪካው ፉርሽካ፣ ቢራ ፋብሪካ ባለበት ደግሞ የብቅል አተላ። ወተቱን የሚሸጠውም ለከተማው ነው። የዱቄት ፋብሪካው ስንዴ አጥቶ ሥራ ሲያቆም የወተት ዋጋ የሚነካው ለዚህ ነው።

ጾምም አለ። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን የወተት ገበያው በኦርቶዶክስ አካባቢ ይወድቃል፤ በዓመቱ ውስጥም ረቡዕና ዓርብ አለ። ላሟ ጾም አታውቅም፤ መታለቧን ትቀጥላለች። የላሟን የወተት መጠን በማሳደግ ላይ ብቻ ያተኮረ ጥናት በጾም ወቅት የሚባክነውን ወተት ያበዛል። ስለዚህ ከእንስሳት ሳይንሱ ባለሙያ ጋር የምግብ ሳይንስ ባለሙያ (ቅቤና አይብ እንዴት ሳይበላሽ ይቆያል)፣ የኢኮኖሚክስ ባለሙያ (ማን ይገዛል) እና የሜካኒካል መሐንዲስ (የቤት መናጫው እንዴት ይቅለል) ቢቀመጡ፣ ጥናቱ ሁለቱንም ወገን ይነካል። የላሞቹ መውለጃ ከጾሙ ወቅት ጋር እንዳይገጥም የማዳቀያ ጊዜን ማስተካከልም አንድ መልስ ነው፤ ወጪው ደግሞ ትንሽ ነው።

ለከተማው ኢንተርፕራይዞች ጥናት ሲያዘጋጁ ባለሙያዎቹን የሚያውቃቸው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ መሆኑን አይርሱ። ቴክኖሎጂ ቀድቶ ለኢንተርፕራይዞች ማሸጋገር የነሱ ሥራ ነው። የዩኒቨርሲቲው መሐንዲስ ንድፉን ያወጣል፤ የኮሌጁ አሠልጣኝ ደግሞ በከተማው ውስጥ ምን ዓይነት ላሜራና ቱቦላሬ እንደሚገኝ፣ የትኛው ኩሽኔታ በየሱቁ እንዳለ ያውቃል። መለዋወጫው አዲስ አበባ ብቻ የሚገኝ የበቆሎ መፈልፈያ በመጀመሪያው ብልሽት ጥግ ይይዛል።

ደረጃ 4፦ ከወረዳው ጋር ይዋዋሉ፤ ከመግባቢያ ሰነድ ባለፈ

የመግባቢያ ሰነድ ፎቶ ይነሡበታል እንጂ ሥራ አይሠራበትም። የሚሠራው የወረዳው ጽሕፈት ቤት በዓመት ዕቅዱ ውስጥ ሥራውን እንደ አንድ ተግባር ሲያስገባው ነው። ወረዳዎች የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ የሚያደራጁት በጀት ዓመቱ ከመዝጋቱ በፊት ስለሆነ በሚያዝያና በግንቦት ይድረሱ። በነሐሴ ከሄዱ እንግዳ ነዎት።

በዕቅዱ ላይ የሚጻፈው ቀላል ይሁን፦ የትኛው ቀበሌ፣ የትኛው ባለሙያ፣ በየትኛው ወር፣ ማን ምን ያቀርባል። ኃላፊው ቢቀያየር፣ ደግሞም ይቀያየራል፣ ሥራው ከሰውየው ጋር እንዳይሄድ ከኃላፊው በታች ያለውን ባለሙያ በስም ያስይዙ። በየቀበሌው በተለምዶ የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት የልማት ሠራተኞች አሉ፤ ከነሱ አንዱ ካላመነበት ጥናቱ አይራመድም። እነሱን እንደ መረጃ ሰብሳቢ ብቻ መቁጠር ትልቅ ስድብ ነው። በጽሑፉ ላይ ስማቸው እንዲገባ ያድርጉ።

ኅብረት ሥራ ዩኒየን ካለም በዚህ ጊዜ ይቅረቡት። ገዢው፣ አሰራጩ ወይም ዘር አባዡ እሱ ሊሆን ስለሚችል በመጨረሻ የሚጋበዝ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

ደረጃ 5፦ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ይስቀሉ

አንዱ የበጀቱ፣ ሌላው የዝናቡ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። የመኸር እርሻ ዝናብ በአብዛኛው አካባቢ የሚጠናከረው ደግሞ በሰኔና በሐምሌ ነው። ውጤቱን ማንም የመስክ ተመራማሪ ያውቀዋል፦ ዘርና ማዳበሪያ መግዛት በሚያስፈልግበት ሳምንት ፋይናንስ ሒሳብ እየዘጋ ነው፤ አዲሱ በጀት ሲለቀቅ የዘር ወቅቱ አልፏል።

መውጫው ግዢውን ወደፊት መሳብ ነው። ለመኸር የሚያስፈልገውን ሁሉ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የግዢ ጥያቄ ያስገቡ፤ ዕቃው ሚያዝያ ላይ በመጋዘን ይሁን። ከሐምሌ እስከ መስከረም ለሚኖረው የነዳጅና የአበል ወጪ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ቅድሚያ ክፍያ እንዲለቅ አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። የሁለት ዓመት ፕሮጀክት ከሆነ ያለመኸር የሚባክን ዓመት እንዳይኖር መጀመሪያውን በዚሁ ያስሉ። ሌላ ነገር ሁሉ ተስተካክሎ በዚህ ብቻ የወደቁ ፕሮጀክቶች ብዙ ናቸው።

የገበሬው ቀንም አለ። በሰሜኑ የኦርቶዶክስ አካባቢ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ እግዚአብሔር በሬ አይጠመድም፤ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ላይ ይውላል። ለስብሰባ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። በገበያ ቀን ግን ስብሰባ አይጥሩ። በሙስሊም አካባቢ ደግሞ የጁምዓን ሰዓትና ረመዳንን አስቀድመው ያስቡ። መንገድ በጸጥታ ምክንያት ሊዘጋ በሚችልበት አካባቢ እዚያው የሚኖሩ ወጣቶችን ለመለኪያ ሥራ አሠልጥነው ይተዉ፤ እርስዎ ባይደርሱም መዝገቡ አይቋረጥም።

ደረጃ 6፦ ሙከራውን በሰው ማሳና በሰው ወርክሾፕ ያድርጉ

በዩኒቨርሲቲው ግቢ የተገኘ ውጤት መነሻ ነው። በግቢ ውስጥ አረም በወቅቱ ይታረማል፤ ማዳበሪያ በግራም ይለካል፤ ጠባቂም አለ። የገበሬ ማሳ እንዲህ አይደለም።

ጤፍን በመስመር የመዝራት ዘመቻ ይህን በደንብ አሳይቷል። በብተና በሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ይፈልግ የነበረው ዘር በመስመር ወደ 5 ኪሎና ከዚያ በታች ይወርዳል፤ በሠርቶ ማሳያውም ምርቱ አማላይ ነበር። በገበሬው ማሳ ላይ የታየው ጭማሪ ግን ከተጠበቀው ያነሰ ሆነ፤ ያችን ደቃቅ ፍሬ በመስመር ማንጠባጠብ የሚፈልገው ጉልበት ደግሞ ከባድ ነበር፤ ያውም ሁሉም ሰው በሚጣደፍበት ሳምንት። ስለዚህ ሲለኩ ምርቱን ብቻ አይለኩ። የሰው ቀን ይቁጠሩ፤ የማን ቀን እንደሆነም ይመዝግቡ፤ ምክንያቱም አረሙና ጉልጓሎው ብዙውን ጊዜ በሴቶችና በልጆች ላይ ይወድቃል። ገለባውንም ይመዝኑ። ገለባው ለበሬው ቀለብ፣ ለቤቱም ጭቃ ነው፤ አጭር አገዳ ያለው ዝርያ በተመራማሪው ዘንድ የሚያስመሰግን ሆኖ በገበሬው ዘንድ የሚጠላ ሊሆን ይችላል።

ተሳታፊ ሲመርጡ ቀበሌው የሚያቀርብልዎትን የሞዴል አርሶ አደሮች ዝርዝር በአክብሮት ይቀበሉና ከግማሽ በላይ አይውሰዱ። የተቀረውን ከመዝገቡ በዕጣ ያውጡ፤ ሴት የምትመራው ቤተሰብና መሬት ተከራይቶ የሚያርስ ወጣት እንዳሉበት ያረጋግጡ። ሞዴሉ በሬም፣ ብርም፣ ሰውም አለው፤ እሱ ማሳ ላይ የሠራ ነገር ለጎረቤቱ እንደሚሠራ ምንም ማስረጃ አይሆንም።

ሙከራው ቢከሽፍ ኪሳራውን የሚሸከመው ማን እንደሆነም አስቀድመው በግልጽ ይነጋገሩ። ለሙከራ የሰጠው መሬት ለቤቱ ቀለብ የሚሆን መሬት ነው። በቁራሹ ላይ በተለመደው አሠራር ሊያገኝ የነበረውን ምርት ፕሮጀክቱ እንደሚተካ በበጀቱ ያስይዙና ለገበሬው ይንገሩ። ጎን ለጎን ያለው የተለመደው ቁራሽ እንዳለ ይቆይ፤ ያለ እሱ የሚነጻጸር ነገር የለዎትም።

በከተማውም እንዲሁ ነው። የአንድ የእንጨት ሥራ ማኅበር አሠራር ሊያሻሽሉ ከሆነ ሁለት ሳምንት ቁጭ ብለው መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት፣ ጣውላ ፍለጋ የሚባክነውን ቀን፣ ደንበኛ የሚያዘገየውን ክፍያ ይመዝግቡ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ባለሙያዎቹ «የካፒታል እጥረት» ብለው ከሚነግሩዎት የተለየ ሆኖ ያገኙታል።

ተማሪዎችን እዚህ ያሳትፉ። ጅማ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ተማሪዎችን በቡድን ወደ መንደርና ወደ ከተማ ቀበሌ ማሰማራትን ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትነቱ ዘመን ጀምሮ ይዞት የመጣ ልማድ አድርጎታል። ዋናው ነገር በየዓመቱ አዲስ ቡድን ወደ አዲስ መንደር ከመላክ ይልቅ ወደዚያው መንደር መመለስ ነው፤ አለበለዚያ ነዋሪው ለዘላለም መጠይቅ ሲሞላ ይኖራል።

ደረጃ 7፦ ከስታቲስቲክሱ በኋላ በብር ያስሉ

ልዩነቱ በስታቲስቲክስ የጎላ መሆኑ ለመጽሔት ይበቃል። ለገበሬ ግን የሚከተለውን ስሌት ይሥሩ፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

አዲሱ አሠራር በሄክታር 3 ኩንታል ጭማሪ ሰጠ እንበል። ዋጋው በኩንታል 10,000 ብር ከሆነ ተጨማሪ ገቢው 30,000 ብር ነው። የገለባው መቀነስ 2,000 ብር ያሳጣል፤ 28,000 ቀረ። ተጨማሪ ወጪው 40 የሰው ቀን በ400 ብር 16,000፣ እንዲሁም 6,000 ብር የግብዓት፣ በድምሩ 22,000 ነው። የተጣራው ጥቅም 6,000 ብር። ይህ ከተጨማሪው ወጪ 27 በመቶ ገደማ ነው።

ጥሩ ይመስላል? ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ለተመራማሪዎች ባዘጋጀው የታወቀ ስሌት መሠረት፣ ገበሬ አዲስ ነገር እንዲቀበል ተጨማሪው ወጪ ቢያንስ ከ50 እስከ 100 በመቶ መመለስ አለበት። 27 በመቶ ላይ ቆሞ የሚነግድ የለም። አሁን ዋጋውን ወደ 8,000 ብር ያውርዱት፤ አጨዳ ላይ ሁሉም ሲሸጥ ይወርዳልና። የተጣራው ጥቅም ዜሮ ይሆናል። ለዚህ ነው ዋጋን ገበሬው በሚሸጥበት ወር፣ በሚሸጥበት ቦታ መውሰድ ያለብዎት፤ የአዲስ አበባ የሰኔ ዋጋ የእርስዎን ጥናት ያስውባል እንጂ እውነት አያደርገውም።

ስሌቱ ካልሰመረ ሥራው አልሞተም። የትኛው ቁጥር ቢቀየር እንደሚሰምር ያሳያል። እዚህ ምሳሌ ላይ የሰው ቀኑ ነው፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ጥያቄ የግብርና ሳይሆን በእጅ የሚገፋ ቀላል መዝሪያ የሚሠራ የከተማ ብየዳ ቤት ጥያቄ ይሆናል።

ደረጃ 8፦ ከማሳተምዎ በፊት የሕጉን ነገር ይጨርሱ

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ነገር ግን ቸል የተባለ ነው። አዲስ መሣሪያ ወይም ንድፍ ከሆነ፣ በፈጠራ፣ በአነስተኛ ፈጠራና በኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ጥበቃ ለመጠየቅ አስቀድሞ አለመገለጡ ትልቅ ቦታ አለው። በመጽሔት ካወጡት ወይም በዐውደ ርዕይ ካሳዩት በኋላ መጠየቅ ሊዘገይብዎት ስለሚችል መጀመሪያ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ያማክሩ። የአካባቢውን ዕፅዋት፣ ዘር ወይም የአባቶችን ዕውቀት የሚነካ ጥናት ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ የማኅበረሰቡን ፈቃድና ከጥቅሙ የመካፈል መብቱን ያስቀምጣል። የመድኃኒት ተክል ያሳዩዎት አዋቂ ስማቸው ሳይነሣ ወረቀት ማሳተም ነውር መሆኑን ለመረዳት ግን አዋጅ አያስፈልግም።

አዲስ የሰብል ዝርያ ከሆነ በተለያዩ ቦታዎች ተሞክሮ በብሔራዊው ሥርዓት መመዝገብ አለበት። ከተመራማሪው እጅ የወጣው ጥቂት ኪሎ ዘር በየደረጃው ተባዝቶ ለሽያጭ የሚበቃ እስኪሆን ዓመታት ይፈጃል፤ ማን እንደሚያባዛው ሳይታወቅ የተመዘገበ ዝርያ በሰነድ ላይ ይቀራል።

ደረጃ 9፦ ያስረክቡ፤ ርክክቡንም በሰው ስም ያድርጉ

የመጨረሻው ዓውደ ጥናት ርክክብ አይደለም። ርክክብ ማለት ሥራው ላይ የሚያተርፈው ሰው ሥራውን ያለ እርስዎ ሲሠራ ማየት ነው። መናጫውን የሚሠራው ብየዳ ቤት ንድፉን ይዞ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መናጫዎች በራሱ ወጪ ሠርቶ በራሱ ዋጋ ይሽጥ። ዘሩን ዩኒየኑ ይግዛ። ፕሮጀክቱ በነጻ ካደለ በኋላ ለመሸጥ መሞከር ከባድ ነው፤ አንዴ በነጻ የመጣ ነገር ሁለተኛ ጊዜም በነጻ ይጠበቃል። ድጎማ የግድ ከሆነ በግማሽ ዋጋ ይጀምሩና መቼ እንደሚያበቃ ከመጀመሪያው ይናገሩ።

ውጤቱን በአካባቢው ቋንቋ፣ በሁለት ገጽ ይጻፉ፦ ምን ተሞከረ፣ ምን ተገኘ፣ ስንት ያስወጣል፣ ለማን አይሆንም። የመጨረሻዋን አይዝለሉ። «ውሃ በሚተኛበት ማሳ አይዘሩት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ገበሬው ቀሪውን እንዲያምን ያደርገዋል። አንድ ቅጂ ለቀበሌው፣ አንድ ለአርሶ አደር ማሠልጠኛው፣ አንድ ለምርምር ማዕከሉ ይድረስ። ማንበብ ለማይችሉት ሬዲዮ አለ፤ እንደ ሐረማያና ጅማ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የማኅበረሰብ ሬዲዮ ስላላቸው የዕጣው ገበሬ ራሱ ገብቶ ይናገር። እርስዎ ከሚናገሩት በላይ ይደመጣል።

ደረጃ 10፦ ከሁለት አጨዳ በኋላ ተመልሰው ይዩ

የዩኒቨርሲቲ ሪፖርት የሚቆጥረው ሥልጠና የወሰደውን ሰው ብዛት ነው። ያ ቁጥር የምሳ ወጪ ያሳያል፤ ከዚያ የሚያልፍ ነገር አይነግርዎትም። ፕሮጀክቱ ከተዘጋ በኋላ ሁለተኛው አጨዳ ሲያልፍ ለአንድ ሳምንት ይመለሱ። ለዚህ የሚሆን ትንሽ በጀት ከመጀመሪያው ያስቀምጡ፤ ወይም ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ርዕስ ያድርጉት።

የሚጠይቁት እነዚህን ነው፦ ከዕጣው ገበሬዎች ስንቱ እስካሁን ይጠቀሙበታል? ማንም ሳያሠለጥናቸው አይተው የጀመሩ ጎረቤቶች አሉ? ሞክረው የተዉትስ ለምን ተዉት? የተዉትን ሰዎች ፈልጎ ማነጋገር ከሁሉ ይበልጣል፤ ብዙ ጊዜ ከስብሰባው የሚቀሩት እነሱ ናቸው፤ ምክንያታቸውንም በይሉኝታ ይሸፍኑታል። «ጥሩ ነበር፣ ጊዜ አጥተን ነው» ካሉዎት ሌላ ቀን ቡና ላይ እንደገና ይጠይቁ። በከተማው ደግሞ ወደ ብየዳ ቤቱ ገብተው የትእዛዝ ደብተሩን ያሳየዎት እንደሆነ ይመልከቱ፤ ያለፈው ስድስት ወር ትእዛዝ ከማንኛውም መጠይቅ የተሻለ መልስ አለው።

ማንም የማይጠቀምበት ከሆነ በዚያው ርዕስ ሁለተኛ ዙር በጀት አይጠይቁ። የተዉበትን ምክንያት ጽፈው ለሚቀጥለው ተመራማሪ ያስቀምጡና በደረጃ 1 የሳሉትን ሥዕል አውጥተው ከወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ከደላላውና ከሹፌሩ ጋር እንደገና ይዩት። ዋጋ ተቀይሯል፤ አዲስ መንገድ ተከፍቶ ወይም አዲስ ፋብሪካ መጥቶ ይሆናል፤ ገዢውም ያን ጊዜ የነበረው ላይሆን ይችላል።